ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ለመኖር፦ ቤተሰብ ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጄ የአራት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ቅዳሜ ማታ እናቷን «ነገ አባዬ የሚኖርበት ቀን ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እሁድ ማለቷ ነው። ያኔ የምንኖረው ሱሉልታ ነበር። ሥራዬ ደግሞ ሳሪስ። ከቤት የምወጣው ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ስመለስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ያልፋል። ስወጣ ተኝታለች፣ ስመለስም ተኝታለች። ቅዳሜም እስከ ቀትር እሠራለሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ከገርጂ የወጣነው ለእሷ ብለን ነበር። ግቢ ይኑራት፣ አየር ታግኝ፣ እንደልቧ ትሩጥ ብለን። አሁን ቢሾፍቱ ከገባን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ኪራይ ያንገሸገሻቸው ወዳጆቼ በየሳምንቱ «የት ይሻላል?» እያሉ ይደውሉልኛል። እኔ ደግሞ ከተማ ከመጥራቴ በፊት የተሳሳትኩትን እነግራቸዋለሁ። ለእናንተም እንዲሁ።

1. ርቀቱን በኪሎ ሜትር መቁጠር

ደላላው «ሱሉልታ ምን አላት፣ 20 ምናምን ኪሎ ሜትር ናት» አለኝ። አልዋሸም። ግን እኔ የምሄደው ወደ አዲሱ ገበያ አልነበረም። ሱሉልታ በሰሜን በኩል ከእንጦጦ ጀርባ ነው፣ ሳሪስ በደቡብ በኩል ነው። በየቀኑ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጥ ነበር። ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ አንድ ታክሲ፣ ከዚያ ፒያሳ ሌላ፣ ከዚያ ደግሞ የሳሪስ ሰልፍ። ሰልፉ ብቻውን አንዳንድ ቀን 40 ደቂቃ ይበላል። ዝናብ ከጣለማ አይወራም።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ወደ 47 ኪሎ ሜትር ነው። እጥፍ ማለት ነው። ግን ከቃሊቲ መነሃሪያ አንድ መኪና ይበቃኛል፤ ቃሊቲ ደግሞ ለሳሪስ ቅርብ ነው። በ2007 የተከፈተው የአዳማ ፈጣን መንገድም ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ ቢሾፍቱ ላይ መውጫ አለው። ኪሎ ሜትሩ ጨመረ፣ ሰዓቱ ግን ቀነሰ። አሁን እራት ከልጄ ጋር እበላለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ከተማ አትምረጡ። መጀመሪያ ሥራችሁ በየትኛው በር በኩል እንደሆነ እዩ። ሥራችሁ አያት፣ ሲኤምሲ ወይም መገናኛ ከሆነ ለገጣፎና ሰንዳፋ በበራችሁ ናቸው። አየር ጤናና ጦር ኃይሎች ከሆነ ዓለም ገናና ሰበታ። አስኮና መርካቶ ለሆነ ሰው ቡራዩ፣ ራቅ ካለም ሆለታ። ሽሮ ሜዳና አዲሱ ገበያ ለሚሠራ ሱሉልታ ጥሩ ናት፤ የተሳሳትኩት እኔ እንጂ እሷ አይደለችም። ባልና ሚስት በሁለት በር የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ በጣም አስቡበት። አንዳችሁ ሁልጊዜ ተጎጂ መሆናችሁ አይቀርም።

ሰዓቱን የምትለኩት ሰኞ ጠዋትና ዓርብ ማታ ነው፤ በራሳችሁ መኪና ሳይሆን በምትመላለሱበት ታክሲ። ሌላም ጠይቁ፦ የመጨረሻው ታክሲ ስንት ሰዓት ላይ ያልቃል? እኔ አንድ ቀን ስብሰባ አምሽቶብኝ አዲሱ ገበያ ስደርስ አንድም መኪና አልነበረም። በኮንትራት የገባሁበት ሂሳብ የሦስት ቀን ትራንስፖርቴን በላው።

2. በበጋ፣ በእሁድ ቀን ማየት

ቤቱን ያየነው በሚያዝያ አንድ እሁድ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሜዳው ሰፊ። ልጄ ጫማዋን አውልቃ ሮጠች። ጉዳዩ እዚያው አለቀ፣ ቀብድ ከፈልን።

ሐምሌ ሲገባ ሌላ አገር ሆነ። የሱሉልታ ሜዳ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል። አፈሩ ጥቁር ነው፣ መረሬ። ጫማ ይዞ አይለቅም። ከአስፋልቱ እስከ በራችን 600 ሜትር ነበር፤ ባጃጅ «አልገባም» ይለናል። ቦት ጫማ አድርጌ፣ የሥራ ጫማዬን በፌስታል ይዤ አስፋልት እደርስ ነበር። ብርዱም ከአዲስ አበባ ብርድ ይለያል። ጎረቤታችን የነበሩ እናት ሲያዩኝ «ልጄ፣ ሐምሌን ሳታይ ነው እንዴ ቤት የተከራየኸው?» አሉኝ። አዎ፣ ሳላይ ነው።

መረሬ ሱሉልታ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። በዱከምና በገላን አካባቢም ሰፊ ነው። ክረምት ላይ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። በሚገባ ያልተሠራ መሠረትን ያንቀሳቅሳል። ቤት ስታዩ በመስኮትና በበር ማዕዘን ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ካለ፣ ግድግዳው አዲስ ቀለም ቢቀባም ጠይቁ።

ቢሾፍቱም በእሁድ ታታልላለች። እሁድ ሐይቆቹን ታያላችሁ፤ ሆራን፣ ባቦጋያን፣ ኩሪፍቱን። ሰው ከአዲስ አበባ ይጎርፋል፣ ሙዚቃ አለ፣ ዓሣ አለ። እዚያ ለሚኖር ሰው ግን እሁድ ማለት የተጨናነቀ መንገድና ከፍ ያለ ዋጋ ነው። ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ ደግሞ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ይከበራል። ትልቅና የሚያምር በዓል ነው፣ ልጄም ትወደዋለች። ያን ቀን በመኪና አገር አቋርጣለሁ ማለት ግን አይቻልም። ከተማን ማወቅ የፈለገ ማክሰኞ ቀን ይሂድ። ገበያ ይግባ፣ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ በር ላይ ይቁም፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ መንገዱ መብራት እንዳለው ይይ።

3. ትምህርት ቤቱን ለመጨረሻ ማቆየት

ብዙ ሰው ቤት ያገኛል፣ ዕቃ ይጭናል፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ይፈልጋል። ይሄ ስህተት ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ልጁን ነው።

የምናወራቸው ከተሞች ኦሮሚያ ውስጥ ናቸው። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ገላንና ሌሎችም ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሆነዋል። በኦሮሚያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የአንደኛ ደረጃ ዋናው የማስተማሪያ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ የሚጻፈውም በቁቤ ነው። በአማርኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ያሉባቸው ከተሞች አሉ፤ ግን ከምትከራዩበት ሰፈር ምን ያህል እንደሚርቁና ቦታ እንዳላቸው ሄዶ መጠየቅ ነው።

ልጃችሁ ኬጂ ከሆነ አትጨነቁ። የኔ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ከጎረቤት ልጆች ጋር አፋን ኦሮሞ ማውራት ጀመረች። አሁን ገበያ ስንሄድ የምታስተረጉምልኝ እሷ ናት። ይሄ ለዕድሜ ልክ የሚሆን ስጦታ ነው፤ እኔ ራሴ በዚህ ዕድሜዬ ከእሷ እየተማርኩ ነው። አምስተኛ ወይም ሰባተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ግን ሌላ ነገር ነው። የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ፈተና ከፊቱ አለ። በአንድ ክረምት የትምህርት ቋንቋውን ቀይሮ እንዲፈተን ማድረግ ከባድ ሸክም ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ካላችሁ ወይ ትምህርት ቤቱን ቀድማችሁ ያዙ፣ ወይ ፈተናውን እስኪጨርስ ጠብቁ።

«ልጆቹ አዲስ አበባ ይማሩ፣ በሰርቪስ ይመላለሱ» የሚሉም አሉ። የስድስት ዓመት ልጅ በ11 ሰዓት ተኩል ቀስቅሰው፣ ግማሽ እንቅልፉን ሰርቪስ ውስጥ ሲተኛ አይቻለሁ። ግቢ ያለው ቤት የተከራያችሁለት ልጅ ግቢውን የሚያየው በጨለማ ነው። እኔ አልመክርም።

ወረቀቱንም አትርሱ። ከትምህርት ቤት መልቀቂያ፣ ከምትለቁት ወረዳ መሸኛ። ምዝገባው ብዙ ጊዜ በክረምት ያልቃል፤ ስለዚህ ኅዳር ላይ ዕቃ ጭኖ መምጣት አያዋጣም።

4. ኪራዩን ብቻ አስልቶ መውጣት

እኛ በወር 7,000 ብር አተረፍን ብለን ነው ከገርጂ የወጣነው። በአራተኛው ወር ባለቤቴ ደብተር አውጥታ ደመረች። የኔ ታክሲ፣ የእሷ ታክሲ፣ ውሃ ሲጠፋ በቦቴ የገዛነው፣ ምሳ ቋጥሬ መሄድ ስላቃተኝ ውጪ የበላሁት፣ አምሽቼ በኮንትራት የገባሁበት። የቀረን 900 ብር ነበር። በዚያ 900 ብር ከልጄ ጋር የማሳልፈውን ማታ ሸጥኩት።

ስትደምሩ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ አድርጉት። ኪራይ ስትዋዋሉም በ2016 የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ አስታውሱ፦ ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። የምትገቡበት ከተማ አዋጁን እያስፈጸመ እንደሆነ ከአስተዳደሩ ጠይቁ።

5. ውሃውንና ትንኙን አለመጠየቅ

«ውሃ አለ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ሁሉም «አለ» ይላል። በሳምንት ስንት ቀን? ቀን ነው ሌሊት? ሮቶው ስንት ሊትር ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ ምንጩ ምንድነው?

ወደ ስምጥ ሸለቆ ዝቅ ባላችሁ መጠን የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ሊበዛበት ይችላል። በወንጂና በአዳማ ዙሪያ ጥርሳቸው የበለዘ ሰዎች የምናየው ለዚህ ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው በተለይ ጥርሳቸው በመሠራት ላይ ባለ ሕፃናት ላይ ነው፤ አንዴ ከበለዘ አይመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ብዙ እናቶች «አፍልቼ ነው የማጠጣቸው» ይላሉ። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይወፍራል። ግቢው የራሱ ጉድጓድ ካለው የምርመራ ውጤት አሳዩኝ በሉ። የቧንቧም ከሆነ ከውሃና ፍሳሽ ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ነውር የለውም።

ወባም አለ። ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ በአገራችን ለወባ የተጋለጠ ተብሎ ይመደባል። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ ናት፣ አዳማ ከዚያም ዝቅ ትላለች። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ትኩሳት ሲይዘው እናቱ «ጉንፋን ነው» ትላለች። ቆላ ቀመስ ቦታ ላይ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ትኩሳት ሲመጣ በዚያው ቀን ምርመራ ነው። አጎበር ይኑራችሁ፤ ሮቶና በርሜል ክዳን ይኑረው። አሁን በከተሞች እየተስፋፋ ያለው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለው ትንኝ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይራባል።

ሕክምናን በተመለከተ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ልጄ ትንፋሽ ቢያጥራት የት እወስዳታለሁ፣ በምን? መልሱን ጎረቤት ጠይቁ፤ ማታም አንዴ መንገዱን ሂዱበት።

6. በመንደር ውል ቤት መግዛት

ይሄን በአጭሩ እለዋለሁ፣ ግን ከልቤ ነው። «ርካሽ ነው፣ ካርታው በሂደት ላይ ነው» የሚባል ቤት አትግዙ። መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም። ከአርሶ አደር በመንደር ውል ተገዝቶ የተሠራ ቤት ሻጩ የቱንም ያህል ደግ ሰው ቢሆን የሚያስተማምን ነገር የለውም። በየካቲት 2011 ለገጣፎ ለገዳዲ ላይ ሕገወጥ የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ ዕቃቸውን ሜዳ ላይ የደረደሩ ቤተሰቦችን ያየ ሰው አይረሳውም። ውሃና መብራት መግባቱ ማስረጃ አይሆንም። ካርታውን ይዛችሁ መሬት አስተዳደር ሂዱ፣ ዕዳና እገዳ አጣሩ፣ የቦታውን ፕላን እዩ። ገንዘቡ ቢኖራችሁም መጀመሪያ ተከራይታችሁ አንድ ክረምት አሳልፉ።

7. ቀን ቤት የሚውለውን ሰው አለመስማት

እኔ የማስበው ስለ መንገዱ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሱሉልታ የምትውለው ግን ባለቤቴ ናት፤ እሷ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው ከተማ የምትገባው። እናቷ ጉርድ ሾላ ናቸው። ገርጂ ሳለን ልጅ ትታ ወጥታ መመለስ ትችል ነበር። ሱሉልታ ግን ማን አላት? ስድስት ወር ሙሉ ቡና የሚጠራት ሰው አልነበረም። አላማረረችም። እኔም አልጠየቅኳትም፤ ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቢሾፍቱ ስንገባ ቤቱን እሷ መረጠች። እኔ ሰፊውን ግቢ ወድጄ ነበር፤ እሷ ጠባቡን መረጠች፣ ምክንያቱም በሩ ላይ ቆማ አራት ቤት ማየት ትችላለች። በገባን በሁለተኛው ሳምንት የዕድር ዳኛውን ጠይቃ ተመዘገበች። በወሩ ጎረቤት አረፉ። እሷ ድንኳን ውስጥ እንጀራ ስታቀርብ ዋለች። ከዚያ ቀን በኋላ ልጃችን ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኛ ባንኖር የምትገባበት ሁለት ቤት አላት።