አሮጌ የጌም ማሽን ቤት ውስጥ ሲያድሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ በሚገኘው የጥገና ቤቴ ውስጥ ሁለት አሮጌ የጌም ማሽኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። የሰው ቁመት ያላቸው የእንጨት ሣጥኖች ናቸው፤ ከላይ መብራት ያለው የስም ሰሌዳ፣ መሐል ላይ ወፍራም የቱቦ ስክሪን፣ ወገብ ላይ መዘወሪያ (ጆይስቲክ) እና ቁልፎች፣ ከታች ሳንቲም የሚጎርስ በር አላቸው። አንዱን የገዛሁት ባሕር ዳር ውስጥ ዕቃውን ያራግፍ ከነበረ ሆቴል ነው። ሌላው አዲስ አበባ ከተዘጋ የመጫወቻ አዳራሽ ወጥቶ፣ በአይሱዙ ተጭኖ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ የመጣ ነው። የባሕር ዳሩ ዛሬም የራሱን ጨዋታ በራሱ ስክሪን ያጫውታል። የአዲስ አበባው ግን የቀረው ቅርፊቱ ነው፤ ውስጡን አውጥቼ የጣልሁት እኔ ነኝ።

ቴሌቪዥንና ሬዲዮ በመጠገን እንጀራዬን የምበላ ሰው ስለሆንሁ ብየዳውም ቴስተሩም አዲሴ አልነበሩም። የጎዳኝ ችኮላ ነው። አሁን ወጣቶች እየመጡ «እንዲህ ያለ ማሽን አግኝተናል፤ ኮምፒውተር ብንከትበትስ?» ይሉኛል። ደስ ይለኛል፤ ግን ደግሞ እፈራለሁ። ማሽኑ ላይ ከሚሠሩት ስህተቶች የከፉት አንዴ ከተፈጸሙ የማይመለሱት ናቸውና።

እንደ ደረሰ መሰካት

ማሽኑ ከመኪና ሲወርድ ሁሉም ሰው የሚፈልገው ሶኬት ነው። ይታገሡ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ማሽን በ100 ቮልት፣ ለአሜሪካ የተሠራ ደግሞ በ120 ቮልት ይሠራል። ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ምልክት ያንብቡ፤ እሱ ከጠፋ ትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈውን ይመልከቱ። ብዙዎቹ የድሮ ትራንስፎርመሮች ለተለያየ ቮልቴጅ የሚሆኑ መግቢያዎች ስላሏቸው ገመዱን ወደ 220 ወይም 240 ማዛወር ይቻላል። ይህም ሆኖ የስም ሰሌዳው ረጅም መብራትና ማራገቢያው ብዙ ጊዜ ከትራንስፎርመሩ በፊት በቀጥታ ከመስመሩ ኃይል ይወስዳሉ። ለ120 ቮልት የተሠራ የመብራት ባላስት 220 ሲገባበት የሚያወጣውን ሽታ አንድ ጊዜ ያሸተተ አይረሳውም። ስለዚህ እኔ የምመርጠው ከውጭ አንድ ጠንካራ ማውረጃ ትራንስፎርመር አስቀምጦ ማሽኑን በሙሉ በለመደው ቮልት መመገብ ነው። ከሱ ፊት ስታብላይዘር ቢኖር ደግሞ የተሻለ ነው፤ የመብራታችንን መዋዠቅ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ከመሰካትዎ በፊት የጀርባውን በር ከፍተው በባትሪ እያበሩ ውስጡን ይፈትሹ። ከደጀን ማዶ የመጣ ማሽን ረጅም ቁልቁለትና ዳገት ተንገጫግጯል። ቺፖቹን የያዙት ቦርዶች ከማገናኛቸው ይላቀቃሉ፤ ብሎን ተፈትቶ ቦርድ ላይ ይወድቃል። የባሕር ዳሩን ማሽን ስከፍት ወለሉ ላይ ያገኘሁት የአይጥ ጎጆ ነበር። በጭድና በተቀዳደደ ወረቀት የተሠራ ሲሆን ከጎኑ አንድ ቢጫ ሽቦ ላስቲኩ ተግጦ መዳቡ የብረቱን ክፈፍ ነክቶ ተኝቷል። ሰክቼው ቢሆን ኖሮ የማሽኑ ታሪክ በዚያው ያበቃ ነበር። በክረምት የተገዛ ከሆነ ደግሞ ጀርባው ተከፍቶ ደረቅ ቦታ ጥቂት ቀናት ይቆይ። የጣና ዳር እርጥበትም ሆነ የእንጅባራ ዝናብ ቦርድ ላይ ሲያድር ከአቧራው ጋር ተጣብቆ ለኤሌክትሪክ መንገድ ይሆናል።

ቱቦውን እንደ ሌላው ዕቃ መንካት

ይህ ስህተት ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ በዝርዝር እናገራለሁ። የቱቦ ስክሪን ሲሠራ ከ15,000 እስከ 25,000 ቮልት ይይዛል። ከሶኬት ቢነቀልም ቱቦው ራሱ እንደ ትልቅ ካፓሲተር ኃይሉን አጠራቅሞ ሊያቆይ ይችላል። ከሥሩ ያለው ቦርድም ትልቅ ካፓሲተር ስላለው እሱንም በቴስተር ሳይለኩ መንካት አይገባም።

ኃይሉን ለማውጣት ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉ። እጀታው ደህና የሆነ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ወስደው ብረቱ ላይ ወፍራም ሽቦ ይሰሩ፤ የሽቦውን ሌላ ጫፍ ቱቦውን በጀርባ ከሚያቅፈው የተጠለፈ ሽቦ ወይም ከቱቦው የብረት ክፈፍ ጋር ያገናኙ። ቀለም የተቀባ ብረት ላይ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ከዚያ አንድ እጅዎን ወደ ኋላ አድርገው፣ በሌላው እጅ የካቻቢቴውን ጫፍ ቱቦው ትከሻ ላይ ከተለጠፈው ጎማ ሥር ቀስ አድርገው ያስገቡና ብረቱን ያስነኩ። አንድ እጅ ወደ ኋላ የሚሆነው ኤሌክትሪኩ ከእጅ ወደ እጅ በልብ በኩል እንዳያልፍ ነው።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ይህን ሲያደርግ ጥርት ያለ «ጠስ» የሚል ድምፅ ሰማን። «ጋሼ፣ ወጣ፤ ጎማውን ላንሣው?» አለኝ። አስቆምሁት። ሻይ ጠጥተን ከአሥር ደቂቃ በኋላ መልሶ ሲያስነካ፣ ከመጀመሪያው ያነሰ ቢሆንም ሌላ «ጠስ» ወጣ። የቱቦው መስታወት የያዘውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ያጠራቅማል። ስለዚህ ሁለቴም ሦስቴም ያድርጉት። ብቻዎን በሆኑበት ቤት ግን ፈጽሞ አይሞክሩት። በዚህ ሥራ ልምድ ከሌለዎት የድሮ ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው በየከተማው ስላለ እሱን ይጥሩ።

ቱቦውን ሲያወጡ በአንገቱ አይያዙት። ከኋላ ያለው ቀጭን አንገት የመስታወቱ ደካማ ክፍል ነው። እሱ ከተሰነጠቀ አየር ሲገባ «ሽሽ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ያኔ ቱቦው ሞቷል።

ከባዱን ብረት «ትርፍ ነው» ብሎ ማውጣት

በሣጥኑ ወለል ላይ ከባድ ትራንስፎርመር ያገኛሉ። ማሽኑን ለማቅለል፣ አለዚያም መዳቡን ለመሸጥ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያወጣው እሱን ነው። ያ ብረት ቮልት ለመቀየር ብቻ የተቀመጠ አይደለም። የአብዛኞቹ የጌም ስክሪኖች ቦርድ ከዋናው መስመር ያልተነጠለ ስለሆነ በሁለቱ መካከል የሚለይ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። እሱ ተዘልሎ ስክሪኑ በቀጥታ ከግድግዳው ሲመገብ የስክሪኑ የብረት ክፈፍ ራሱ መብራት ይይዛል። ሳንቲም በሩን፣ መዘወሪያውን የሚነካው ልጅ ነው። ትራንስፎርመሩ ከቦታው አይነሣ። የሣጥኑ የብረት ክፍሎችም ከሶኬቱ የመሬት መስመር ጋር መገናኘታቸውን በቴስተር ያረጋግጡ።

ቦርዱን ሳይሞክሩ መጣል

የአዲስ አበባውን ማሽን ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ የተዘበራረቀ ቀለም ብቻ ሲታይ «ቦርዱ ሞቷል» ብዬ ከነገመዱ ለቆራሌው በኪሎ ሰጠሁት። ከወራት በኋላ የባሕር ዳሩ ማሽን ያንኑ የተዘበራረቀ ቀለም አሳየኝ፤ ያኔ ግን ቸኩዬ አልጣልሁም። ቦርዱን አውጥቼ ጠርዙ ላይ የተደረደሩትን የመዳብ ጥርሶች በፀሐይ ብርሃን ተመለከትኋቸው። እንደ አሮጌ ሳንቲም ጠቁረዋል። ነጭ የተማሪ ላጲስ ወስጄ በአንድ አቅጣጫ ቀስ እያልሁ አሸኋቸው። ላጲሱ ሲጠቁር ጥርሶቹ እየበሩ መጡ፤ ፍርፋሪውን በብሩሽ ጠርጌ በአልኮል ጠረግሁ። መልሼ ስሰካው ጨዋታው ግማሽ ተነሥቶ ጠፋ፤ ደግሞም ተነሣ።

ቴስተሩን ቦርዱን በሚመግበው ፓወር ሰፕላይ ላይ ሳስቀምጥ 5.1 ቮልት አለ። ቦርዱ ላይ ስለካ 4.6። የቀረው ግማሽ ቮልት ገመዱና ማገናኛው ላይ እየቀለጠ ነበር። በእነዚህ ቦርዶች ላይ ያሉት ቺፖች የሚፈልጉት ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ነው። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ፓወር ሰፕላዩን በማስተካከያው ቶሎ ከፍ ማድረግ ነው። ማገናኛው አንድ ቀን በደንብ ሲገጥም ትርፉ ቮልት በሙሉ ቺፖቹ ላይ ይወርዳል። መጀመሪያ ማገናኛውን ያጽዱ፤ የተቃጠለውን ገመድ ይቀይሩ፤ ከዚያ ቦርዱ ላይ እየለኩ 5 ላይ ያስተካክሉ።

ቦርድ ቀይረው ሌላ ጨዋታ ማስገባት ከፈለጉ ጃማ የሚባለውን የጃፓን ስምምነት ማወቅ አለብዎት። እ.ኤ.አ. ከ1985 ወዲህ በዚህ ስምምነት የተሠሩ ቦርዶች ከላይ 28፣ ከታች 28፣ በጠቅላላው 56 ጥርስ ያለው አንድ ዓይነት ማገናኛ አላቸው፤ አንዱን ነቅሎ ሌላውን መሰካት ይቻላል። ከዚያ በፊት የተሠሩት ግን፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. የ1980ው ፓክ ማን የተባለ ጨዋታ፣ የየራሳቸው አሰካክ አላቸው። ማገናኛው ስለገባ ብቻ ልክ ነው ማለት አይደለም፤ 12 ቮልት የ5 ቮልት ቦታ ላይ ከገባ ቦርዱ በቅጽበት ይቃጠላል። ጃማ ማገናኛ ውስጥ ቦርዱ ተገልብጦ እንዳይገባ የምትከለክል ትንሽ የላስቲክ መለያ አለች፤ በብዙ አሮጌ ማሽኖች ግን ወድቃ ስለምትጠፋ ቦታዋን ሳያዩ አይሰኩ። እ.ኤ.አ. እንደ 1991ዱ ስትሪት ፋይተር 2 ያለ ስድስት ቁልፍ የሚጠይቅ ጨዋታ ደግሞ የርግጫ ቁልፎቹን በሌላ ተጨማሪ ማገናኛ ነው የሚያገኘው። ያን የማያውቅ ሰው «ግማሹ ቁልፍ አይሠራም» እያለ ደህናውን ቁልፍ ሲፈታ ይውላል።

ኮምፒውተርን በቀጥታ ከቱቦው ጋር ማገናኘት

ቦርዱ በእርግጥ ከሞተ ትንሽ ኮምፒውተር መክተት አይከፋም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ነገር ግን የተለመደው የጌም ቱቦ በሰከንድ 15,700 ያህል መስመሮች ይስላል። የኮምፒውተር ቪጂኤ ምልክት ደግሞ 31,500 ያህል ይልካል። በቀጥታ ሲገናኙ ምስሉ ይበጣጠሳል፤ ስክሪኑ ያፏጫል፤ ሳያጠፉት ከቆዩ የቦርዱ ክፍሎች ሊቃጠሉ ይችላሉ። ወይ ምልክቱን ወደ ዝቅተኛው የሚያወርድ መሣሪያ ይጠቀሙ፣ ወይም ቱቦውን በጠፍጣፋ ስክሪን ይተኩ። ከተኩ ግን ምስሉን ወደ ጎን አይለጥጡት፤ ጨዋታዎቹ የተሣሉት 4 በ3 ለሆነ ስክሪን ነው። አንዳንዶቹም፣ ፓክ ማንን ጨምሮ፣ ስክሪኑ በቁሙ እንዲቆም የተሠሩ ናቸው።

ራስበሪ ፓይ የተባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ለሚከቱ ሁለት ነገር ልጨምር። አራተኛው ትውልድ 5 ቮልትና 3 አምፔር ይፈልጋል፤ ከማሽኑ ፓወር ሰፕላይ በቀጭን ሽቦ ካገናኙት የመብረቅ ምልክት ስክሪኑ ላይ እየመጣ ያስጠነቅቅዎታል። ሁለተኛው የመብራት መቋረጥ ነው። ጨዋታ መሐል መብራት ሲጠፋ ሜሞሪ ካርዱ ላይ ያለው ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ካርዱን እንዲነበብ ብቻ አድርገው ያዘጋጁት፤ አለዚያም መብራት ሲጠፋ ለጊዜው በባትሪ የሚመግብ አንድ ትንሽ ዩፒኤስ ያስቀምጡ። የተዘጋጀውን ካርድ ቅጂም ይያዙ።

የበሰበሰውን እንጨት በስቱኮ መሸፈን

ወለል በታጠበ ቁጥር ውሃ የጠጣው የሣጥኑ እግር ነው። ቺፕውድ ከሆነ አብጦ እንደ ገንፎ ይሆናል። በላዩ ስቱኮ ቢለቀልቁ ማሽኑ በተገፋ ቀን ይፈረፈራል። የተበላሸውን እስከ ደረቁ ድረስ ቆርጠው በኮምፔንሳቶ ይተኩ፤ ቁርጡን በኮላና በብሎን ይያዙ፤ የታችኛውን ጠርዝ በቀለም በደንብ ያጥግቡ። የአሜሪካ ሣጥኖች ውፍረት ብዙውን ጊዜ 19 ሚሊ ሜትር ነው፤ ገበያ ላይ ያለው 18 ከሆነ ጠርዙን የሚሸፍነው ላስቲክ አንድ ሚሊ ይተርፋል። ቀላል ቢመስልም እጅ ሁልጊዜ ያገኘዋል።

ዋንዛ ሊጠቀሙ ከፈለጉ ይድረቅ። ፍኖተ ሰላም ያሉ አንድ ሽማግሌ አናፂ የወሰድሁላቸውን ሳንቃ በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው «ልጄ፣ ይኼ ገና ውሃውን አልጨረሰም፤ ክረምቱን ጣሪያ ሥር ይክረም» ብለው መልሰውልኛል። ሳንቃውን የቀጠልሁት በዓመቱ ነው፤ እስካሁን አልተጣመመም።

ቲነር

የቁልፍ ሰሌዳውን ፕላስቲክ በቲነር አይጥረጉት፤ ደመና ይለብሳል፣ ያም አይለቅም። የስም ሰሌዳው ሥዕል በመስታወቱ ጀርባ የታተመ ከሆነ ውሃ እንኳን ሊያረግፈው ይችላል፤ ፊቱን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። የጎኑን ሥዕል በብርጭቆ ወረቀት ከመፋቅዎ በፊት ፎቶ ያንሡ፤ በላዩ ግልጽ ላስቲክ ዘርግተው መስመሮቹን በልኩ ይገልብጡ።

መዘወሪያ

ባለ ስምንት አቅጣጫ መዘወሪያ ለሁሉም ይሆናል ብለው አይግጠሙ። ፓክ ማን አራት አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያውቀው። በስምንቱ ሲጫወቱት እጅዎ ትንሽ ወደ ማዕዘን ሲያዘነብል ቢጫው ፍጥረት መታጠፊያው ላይ ያመነታል፤ ያ ቅጽበት ይበቃዋል ለመበላት። ብዙ መዘወሪያዎች ከሥራቸው የምትዞር መገደቢያ አላቸው፤ እሷን ማዞር ብቻ ነው።

ያወጡትን አለማስቀመጥ

የሚያወጡትን ሁሉ፣ የሞተውንም ቢሆን፣ ስሙን ጽፈው በካርቶን ውስጥ እዚያው ሣጥኑ ሥር ያስቀምጡ። ገመድ አይቁረጡ፤ ከማገናኛው ይንቀሉ። የሳንቲም መቀበያው የእኛን ሳንቲም ባይቀበልም ከቦታው አይነቀል፤ ከጀርባው ያለውን ትንሽ ማብሪያ ከአንድ የተደበቀ ቁልፍ ጋር ቢያገናኙት ጨዋታው ይነሣል። በብዙ ማሽኖች ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የገመዶቹን አሠራር የሚያሳይ ወረቀት በፖስታ ተሰክቶ ይገኛል። የአዲስ አበባው ማሽን ውስጥ ያ ወረቀት ዛሬም አለ፤ የሚያሳያቸው ገመዶች ግን የሉም። የእርስዎን ሲከፍቱ መጀመሪያ እሱን ይፈልጉ፤ ፎቶ ኮፒ አስነሥተው በቅጂው ይሥሩ፤ ዋናውን ወደ ፖስታው ይመልሱት።