ከካለስ የወጣ ነጭ ሽንኩርት ማሳ ከመውረዱ በፊት ክሮሞሶሙን ቁጠሩ

አንድ ጊዜ ደህናውን የነጭ ሽንኩርት ችግኝ አስጥያለሁ። 15 ክሮሞሶም ቆጠርኩና «ይሄ ተበላሽቷል» አልኩ። ለካ በማይክሮስኮፕ ለማየት ስጫነው ሴሉ ፈንድቶ 16ኛው ወደ ጎን አምልጧል!

ከቡቃያ ጫፍ በቀጥታ የተባዛ ችግኝ ብዙም አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ በካለስ፣ ማለትም ላብራቶሪ ውስጥ ቅርጽ ሳይይዝ በሚያድግ የሴል ክምር፣ በኩል ያለፈው ነው፤ በተለይ ገበሬው በአረም መድኃኒትነት የሚያውቀው 2,4-ዲ በገባበት ማሳደጊያ ምግብ ላይ ለወራት የከረመው። እዚያ ሴሎቹ ሲከፈሉ ክሮሞሶም ሊያጎድሉ ወይም ቁጥሩን እጥፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። ችግኙ ግን ላይ ላዩን አማን ነው።

ችግኙ አፈር ከለመደ በኋላ፣ ጠዋት፣ ነጭና ወፈር ያለ የሥር ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጡ። በረዶ የገባበት ውሃ ውስጥ፣ ፍሪጅ ውስጥ፣ 24 ሰዓት ይቆይ፤ ቅዝቃዜው ክሮሞሶሞቹ በሚቆጠሩበት ደረጃ ላይ የሴሉን ክፍፍል ያስቆመዋል። ኮልቺሲን የተባለው ኬሚካልም ይሠራል፤ መርዝ ስለሆነ ግን እኔ በረዶዬን እመርጣለሁ። ቀጥሎ በዕለቱ በተቀላቀለ 3 እጅ ኤታኖልና 1 እጅ አሴቲክ አሲድ ሌላ 24 ሰዓት።

በ1 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በ60 ዲግሪ፣ 8 ደቂቃ ያህል አለስልሱት። አጥባችሁ ክሮሞሶሙን የሚያቀላ አሴቶካርሚን የተባለ ቀለም ውስጥ ክተቱት። ጫፉን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ አስቀሩና ሌላውን ጣሉ። በማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ አድርጋችሁ ከቨር ስሊፕ (ስስ መሸፈኛ መስታወት) ክደኑበት፤ በክብሪት እንጨት ቀስ እያላችሁ መታ መታ አድርጉት። ሴሎቹ ሲበተኑ ወረቀት ደርባችሁ በአውራ ጣት ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑ። መስታወቱ ከተንሸራተተ በቃ፣ ሌላ ሥር ፈልጉ።

በ100 እጥፍ ሌንስ፣ በዘይት፣ ቁጠሩ። ደህናው 16 ነው። 32 ካያችሁ ታጥፏል። አንድ ሥር ላይ 16ም 32ም ካለ ድብልቅ ነው፤ ለዘር አላስቀረውም። 15 ወይም 14 ሲመጣ ግን አትቸኩሉ። የሴሉ ዙሪያ አለመቀደዱን እዩ፤ የተደራረበም ካለ ፎከሱን ከፍ ዝቅ አድርጉ። እኔ ከ3 ሥር ቢያንስ 10 ያልተቀደደ ሴል ሳልቆጥር አልፈርድም። 15ቱ በየሥሩ ከተደጋገመ ያኔ እመኑት።

እጃችሁን መፍታት ከፈለጋችሁ የወጥ ቀይ ሽንኩርት ቂጡን ውሃ አስነኩት፤ በጥቂት ቀን ሥር ያወጣል፣ እሱም 16 ነው።

ቆጠራው ተሰብሮ ሌላ ቦታ የተለጠፈ ቁራጭን ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ 16 የቆጠርኩለትንም ችግኝ ለአንድ ወቅት ከእናቱ ጎን አስተክለዋለሁ።