ኡቡንቱ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ አልነሳ ሲል

ምልክቱ፦ ኮምፒውተሩን ስታበሩት የኡቡንቱ አርማ ብቅ ብሎ ይጠፋና ጥቁር ስክሪን ላይ በቅንፍ ውስጥ «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል ቃል ይቀራል፤ ከበላዩ «ቢዚቦክስ» ይላል። ድሬዳዋ ውስጥ ሊኑክስ (ኡቡንቱ አንዱ ዓይነቱ ነው) የጫንኩላቸው ሰዎች ማሽናቸውን ይዘው ሲመለሱ ከሁሉ በላይ የማየው ይሄንን ነው።

«ሲስተሙ ሞቷል፣ ፎርማት ይደረግ» የሚላችሁን ሰው አትስሙት። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ተነስቷል፤ ዋናው ፓርቲሽን (ሲስተሙ ያለበት የዲስኩ ክፍል) ላይ መዛባት ስላገኘ አልከፍተውም ብሎ ነው የቆመው። ፋይላችሁ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አለ። ሐረር ጀጎል ውስጥ የሚኖሩ አንድ መምህር የተማሪዎቻቸውን ውጤት በሙሉ ያጡት በዚህ ስክሪን ምክንያት ነው፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ የነበረውን አንድ ባለሙያ ፎርማት አድርጎባቸው፣ በላዩም አዲስ ሲስተም ጭኖበት ነበር። እኔ ዘንድ ሲመጡ የሚተርፍ ነገር አልነበረም። እስካሁን ያናድደኛል።

ምክንያቱ፦ ኤክስት4 ፋይል ሲስተም (ኡቡንቱ ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያደራጅበት ሥርዓት) በፋይሎቹ አደረጃጀት ላይ የሚያደርገውን ለውጥ አስቀድሞ ጆርናል ላይ ይመዘግባል። መብራት ድንገት ቢሄድ፣ ሲነሳ ጆርናሉን አንብቦ ራሱን ያስተካክላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ስለጠፋ ብቻ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ አይደርስም። ከሚያደርሱት አንዱ ርካሽ ኤስኤስዲ ዲስክ ነው፤ ገና ካሼ (ጊዜያዊ ማቆያ) ላይ ያለውን ዳታ «ጽፌዋለሁ» ብሎ ለከርነሉ ይመልሳል፣ መብራቱ ሲሄድ ካሼው ባዶ ይሆናል፣ ጆርናሉም የተቆራረጠ ሆኖ ይገኛል። ስም የሌለው ዲስክ ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ።

ሌላው መብራቱ እየተመላለሰ ሲጠፋ ነው። ድሬዳዋ «ከዚራ» ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት አንዲት ደንበኛዬ በአንድ ወር ሦስት ጊዜ መጣች። «አቦ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ መብራቱ ነው እኮ!» ትላለች። ሄጄ አየሁት። የላፕቶፑ ባትሪ በሙቀቱ አብጦ ስለነበር አውጥተው ጥለውታል፤ ማሽኑ በቀጥታ ከግድግዳው ነው የሚሠራው፣ ያውም ከፎቶ ኮፒው ጋር በአንድ ማከፋፈያ። መብራት ሲመጣ ደግሞ ሁለት ሦስቴ ብልጭ ብሎ ይመለሳል፤ ላፕቶፑ ገና ራሱን እየጠገነ ሳለ እንደገና ይጠፋበታል። ባትሪ ገዛን፣ ማከፋፈያውን ለየን፣ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ነቅለው ሲመጣ እስኪረጋጋ እንዲጠብቁ ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ችግር አልመጣችም።

መፍትሄው፦ ከመጀመራችሁ በፊት ዲስኩን እዩ። ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ወይም ከሰሞኑ ከተንቀራፈፈ፣ የኡቡንቱ መጫኛ ባለበት ፍላሽ አስነስታችሁ «ትራይ ኡቡንቱ» በሉ፤ «ዲስክስ» የሚባለውን ፕሮግራም ከፍታችሁ የስማርት መረጃውን (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚመዘግበውን) ተመልከቱ። «ፔንዲንግ ሴክተር» (ለማንበብ ያስቸገረ የዲስኩ ቦታ ብዛት) ከዜሮ በላይ ከሆነ መጀመሪያ ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። እየሞተ ያለ ዲስክ ላይ ጥገና ማስኬድ የቀረውንም ሊያጠፋ ይችላል።

ዲስኩ ደህና ከሆነ ጥቁሩ ስክሪን ላይ «ኤግዚት» (exit) ብላችሁ ጽፋችሁ ኢንተር ንኩ። የተበላሸውን ፓርቲሽን ስም ራሱ ያወጣላችኋል፤ ብዙ ጊዜ በ«ኤስዲኤ2» ዓይነት ያበቃል። በላቲን ትንንሽ ፊደል ኤፍ፣ ኤስ፣ ሲ፣ ኬ ጻፉ፤ ክፍተት፤ ያን ስም ከነእዝባሩ (/) እንዳለ፤ ክፍተት፤ ሰረዝና ዋይ። ዋይ ማለት ለጥያቄው ሁሉ «አዎ» ማለት ነው። ሲጨርስ እንደገና «ኤግዚት»። እየሠራ እያለ አታጥፉት። ደግሜ እላለሁ፣ አታጥፉት። ይህን ትእዛዝ ተከፍቶ እየሠራ ባለ ፓርቲሽን ላይም በፍጹም አታስኪዱ።

ከተነሳ በኋላ የጎደለ ፋይል ካለ «ሎስት ፕላስ ፋውንድ» የሚለውን ፎልደር በአስተዳዳሪ መብት ክፈቱ፤ ስማቸው ወደ ቁጥር ተቀይሮ ይጠብቋችኋል።

ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ዲስኩ ጭራሽ የለም የሚል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ክፈቱትና አቧራውን አራግፉ፣ ኬብሉን ነቅላችሁ መልሱ።

መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ እየተመለሰ ብራውዘሩ ድረ ገጽ አልከፍትም ካለ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር2032 ባትሪ ቀይሩ።

ዊንዶውስ አብሮ ተጭኖ ሰዓቱ ልክ በ3 ሰዓት ከተዛባ ባትሪ አትግዙ፤ ዊንዶውስ ማዘርቦርዱ ላይ የአገሩን ሰዓት፣ ሊኑክስ ደግሞ የዓለሙን ሰዓት ስለሚመዘግቡ ነው፣ ከሁለቱ አንዱን አስተካክሉ።