የደንበኛ ፎቶ ዲስክ ላይ እንዳይቀር፦ የብራውዘርን ካሽ ወደ ራም ዲስክ ማዛወር

የዲቪ ምዝገባ ሲከፈት የጽሕፈት አገልግሎት ቤቴ በአመልካቾች ይሞላል። ሁሉንም የማስተናግደው በአንድ ኮምፒውተር ነው። አንድ ምሽት ፋየርፎክስ የተባለው ብራውዘር ካሹን፣ ማለትም የከፈታቸውን ገጾችና ምስሎች ጊዜያዊ ቅጂ፣ የሚያጠራቅምበትን ፎልደር ከፈትሁ። የፋይሎቹ ስም የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ነው። አንዱን በፎቶ መመልከቻ ብሞክረው ነጠላ ያጣፉ እናት ብቅ አሉ። ከሦስት ቀን በፊት ፎቷቸውን ከኢሜይል የከፈትሁላቸው ደንበኛዬ ናቸው፤ ብራውዘሩ ቅጂውን አስቀርቶታል። ደነገጥሁ። እኒያ እናት ያመኑት እኔን ነው።

ካሽ ማጽዳት ብቻውን አላረካኝም፤ ከሃርድ ዲስክ የተሰረዘ ፋይል ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በመመለሻ ፕሮግራም ሊገኝ ይችላል። ራም ዲስክ ግን ከራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ ከሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ፣ ላይ ተቆርሶ እንደ ድራይቭ የሚያገለግል ቦታ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ይዘቱም ይጠፋል። ዲስኩ አሮጌ ለሆነ ኮምፒውተርም እፎይታ ነው።

እኔ የምጠቀመው በዊንዶውስ ላይ ኢምዲስክ ቱልኪት የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ነው። የራም ዲስክ ማዋቀሪያውን ክፈቱ፤ መጠኑን 1 ጊጋባይት፣ የድራይቩን ፊደል «አር» አድርጉና ከዊንዶውስ ጋር አብሮ እንዲነሣ የሚያዝዘውን ሳጥን ምልክት አድርጉበት። የእኔ ኮምፒውተር ራሙ 8 ጊጋባይት ነው። ከዚህ ካነሰ 512 ሜጋባይት ይበቃል፤ ራም ሲጣበብ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ይገለብጣልና አትስገብገቡ።

ቀጥሎ በፋየርፎክስ አድራሻ ማስገቢያ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «አባውት»፣ ሁለት ነጥብ፣ «ኮንፊግ» ብላችሁ ግቡ። በመፈለጊያው «ብራውዘር»፣ «ካሽ»፣ «ዲስክ»፣ «ፓረንት አንደርስኮር ዳይሬክተሪ» የሚሉትን በእንግሊዝኛ ፊደል በነጥብ አያይዛችሁ ያለ ክፍተት ጻፉ፤ አንደርስኮር ከታች የሚሰመረው ሰረዝ ምልክት ነው። «ስትሪንግ» የሚለውን መርጣችሁ የመደመር ምልክቱን ተጫኑ። ዋጋው «አር»፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያም ከግራ ወደ ቀኝ ቁልቁል የሚወርደው ሰረዝ ነው። ፋየርፎክስን ዘግታችሁ ስትከፍቱ አር ድራይቭ ውስጥ «ካሽ2» የሚል ፎልደር ካገኛችሁ ሠርቷል።

ኩኪ፣ የይለፍ ቃልና የጎበኛችኋቸው ገጾች ዝርዝር ግን በዚህ አይነኩም፤ የወረደ ፋይልም ዳውንሎድስ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ደንበኛን በግል መስኮት (ፕራይቬት ዊንዶው) አስተናግዱ፤ የወረደ ፋይል ግን እዚያም ቢሆን ይቀራል። የግል መስኮት ካሽንም ዲስክ ላይ አይጽፍም፤ ወረፋ ሲረዝም መክፈቱ ይረሳል እንጂ። ራም ዲስኩ የሚጠቅመኝ ያን ጊዜ ነው።

ሀይበርኔትን፣ ማለትም የተከፈተውን ሥራ እንዳለ አስቀምጦ ኮምፒውተሩን የሚያጠፋውን ትእዛዝ፣ ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ ራም ውስጥ ያለውን በሙሉ ዲስክ ላይ ይጽፈዋል። በኃይል ቅንብሩ ውስጥ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚለውንም ምልክቱን አንሡ፤ እሱም ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ከራሙ የተወሰነውን ዲስክ ላይ ይጽፋል። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩና ፋየርፎክስን ሳትነኩ አር ድራይቭን ተመልከቱ። የትናንት ደንበኛ ፋይል አንድም መገኘት የለበትም።