በ«አፖ» የሚጀምሩ የእንግሊዝኛ ቃላትን ፈትቶ ማንበብ

አፖጂ፣ አፖከፒ፣ አፖካሊፕስ። እንዲህ ያለ ቃል ሲገጥማችሁ መዝገበ ቃላት ከመግለጣችሁ በፊት ለሁለት ክፈሉት። ፊት ያለው «አፖ» ግሪክ ነው፤ መሠረታዊ ትርጉሙ «ከ… ርቆ፣ ከ… ተለይቶ» ነው። ከዚያ «ምን ከምን ራቀ?» ብላችሁ ጠይቁ።

በቀላሉ ጀምሩ። አፖጂ ላይ ያለው «ጂ» መሬት ነው፤ ጂኦግራፊ ላይም ያለው እሱ ነው። ጨረቃ ከመሬት በጣም የምትርቅበት ነጥብ አፖጂ ይባላል፤ ርቀቱ ወደ 405,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አፖከፒ ላይ ያለው ግሥ መቁረጥ ነው፤ የቃል መጨረሻ ሲቆረጥ ማለት ነው፣ ፎቶግራፍ ተቆርጦ ፎቶ እንደሆነው። በእንግሊዝኛ ሲነበብ መጨረሻው ኮፒ ይመስላል እንጂ ከማባዛት ጋር ዝምድና የለውም።

አፖስል፣ ማለትም ሐዋርያ፣ «መላክ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ ከላኪው ተለይቶ የተላከ። የእኛው ሐዋርያ ደግሞ ከግዕዙ «ሖረ»፣ ሄደ፣ የወጣ ነው። ግሪኩ ነገሩን ከላኪው በኩል አየው፣ ግዕዙ ከሄደው በኩል። ትርጉሙን በቃል ከመሸምደድ ይልቅ ግሡን መፈለግ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። አፖቲከሪ (የጥንቱ መድኃኒት ቀማሚ) ላይ ያለው ግሥ ማስቀመጥ ነው፤ ለብቻ የተቀመጠ ዕቃ ያለበት መጋዘን መጀመሪያ፣ መድኃኒቱ በኋላ መጣ። ቡቲክም ከዚሁ የመጋዘን ቃል በላቲን በኩል ዞሮ ወደ ፈረንሳይኛ የገባ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አፖካሊፕስና አፖክሪፋ (ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀኖና ውጭ የቀሩ መጻሕፍት) ላይ ነው። የመጀመሪያው ግሥ መሸፈን ነው፤ «አፖ» ሽፋኑን ስለሚያርቀው ቃሉ «መግለጥ» ይሆናል። ስለ ዓለም ፍጻሜ የሚነገርበት ትርጉም ከዮሐንስ ራእይ ይዘት የተቀዳ ነው፤ በቃሉ ውስጥ ጥፋት የሚል የለም። አፖክሪፋ ላይ ያለው ግሥ ግን መደበቅ ነው፤ እዚህ የሚርቀው ዕቃው ራሱ ነው፣ ስለዚህ «የተሰወረ» ይሆናል። አንዱ ይገልጣል፣ ሌላው ይሰውራል፤ የራቀው ሽፋኑ ነው ወይስ ነገሩ የሚለውን ካልለያችሁ ትርጉሙ ይገለበጥባችኋል።

ትርጉም በዘመን ሊሸሽም ይችላል። አፖሎጂ ዛሬ ይቅርታ ነው፤ ሶቅራጥስ በፍርድ ቤት ያቀረበው አፖሎጊያ ግን መከላከያ ንግግር ነበር። የቆየ ጽሑፍ ስታነቡ በመከላከያ ትርጉሙ ሞክሩት።

የፊደል ነገር፦ ቀጣዩ ሥር በግሪክ በ«ህ» ድምፅ ሲጀምር የ«አፖ» መጨረሻ ይወድቅና ፒ እና ኤች ተጣምረው «ፍ» ይሆናሉ። ሄሊዮስ ፀሐይ ነው፤ ከእሱ አፊሊየን ወጣ፣ መሬት ከፀሐይ በጣም የምትርቅበት ነጥብ፣ በሐምሌ መጀመሪያ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ወደ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። አፎሪዝም (አጭር የጥበብ አባባል) በዚሁ መንገድ ከሆራይዘን (አድማስ) ጋር ከአንድ ግሥ ተወልዷል፤ ግሡ ድንበር ማበጀት ነው።

ሦስት ወጥመዶች አሉ። «ኤ» የተባለችውን ፊደል ብቻ አንሱና የቀረውን እዩ። አፖለቲካል ላይ ፖለቲካል ይቀራል፤ ስለዚህ ፊቱ ያለው «አፖ» ሳይሆን «አልባ» የሚለው «አ» ነው። አፖሪያም እንዲሁ ነው፦ ፖሮስ መተላለፊያ ነው፣ መውጫ የሌለው ግራ መጋባት ማለት ነው። አፌዥያ፣ የመናገር ችሎታ ማጣት፣ «ፍ» ስላለበት አፊሊየንን ይመስላል፤ ነገር ግን «ፍ»ው የሥሩ የራሱ ነው።

አሁን አንዱን ራሳችሁ ሞክሩ፦ አፖሳዮፒሲስ። ግሡ ዝም ማለት ነው። ተናጋሪ ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ በዝምታ ሲያቋርጠው ነው፤ ለምሳሌ፦ «ብቻ እጄ ትግባ…»