በወርቅ ገጽ ላይ ያለ የሞለኪውል ንጣፍ ሙቀትን የመቋቋም አቅም እንዴት ይጠናል?

የአንድ ሞለኪውል ውፍረት ብቻ ያለው ንጣፍ ሙቀትን ምን ያህል እንደሚቋቋም ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ የሚለካውን ነገር መወሰን አለበት፤ ሞለኪውሎቹ ገጹን ለቅቀው ከመሄዳቸው በፊት አሰላለፋቸው ሊፈርስ ስለሚችል፣ ሁለቱ ለየብቻ መጠናት ይኖርባቸዋል። ለጀማሪ ተስማሚው ናሙና በወርቅ ላይ የሚሠራ የዲካንታዮል ንጣፍ ነው (ዲካንታዮል ታዮሎች ከሚባሉት፣ በአንድ ጫፋቸው ሰልፈር ካላቸው ሞለኪውሎች አንዱ ነው)፤ ሰልፈሩ ከወርቁ ጋር አጥብቆ ስለሚያያዝ ሞለኪውሎቹ በራሳቸው ይደረደራሉ።

በመጀመሪያ ንጹሕ የወርቅ ስስ ሽፋን 1 ሚሊሞላር (በሊትር አንድ ሺህኛ ሞል) ዲካንታዮል በያዘ ኤታኖል ውስጥ ለ24 ሰዓት ያህል ይነከራል፤ ከዚያም በንጹሕ ኤታኖል ታጥቦ በናይትሮጅን ጋዝ ይደርቃል። እጥበቱ በችኮላ ከተሠራ ከወርቁ ጋር ያልተያያዙ ትርፍ ሞለኪውሎች በዝቅተኛ ሙቀት ይተኑና ንጣፉን ከእውነተኛው ይበልጥ ደካማ ያስመስሉታል።

ቀጥሎ ናሙናው እጅግ ከፍተኛ ቫኪዩም ወዳለበት ክፍል ይገባል፤ አየር ባለበት ቢሞቅ ሰልፈሩ ከኦክስጅን ጋር ስለሚዋሐድ የሙቀቱን ውጤት ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው የሙቀት ልኬቱ ነው፤ ሙቀት የሚለካው ሽቦ (ቴርሞካፕሉ) ማሞቂያውን ሳይሆን ናሙናውን ራሱን መንካት አለበት።

ከዚያ በኋላ ናሙናውን በየ20 ኬልቪን ከፍ እያደረጉ ማሞቅ፣ ለጥቂት ደቂቃ ማቆየት፣ ማቀዝቀዝና በኤክስሬይ ፎቶኤሌክትሮን ስፔክትሮስኮፒ (ኤክስሬይ ከአቶሞች የሚያስወጣቸውን ኤሌክትሮኖች ኃይል በመለካት የአቶሞቹን ትስስር በሚያሳይ ዘዴ) መመርመር ነው። ከወርቅ ጋር የተያያዘ ሰልፈር በ162 ኤሌክትሮን ቮልት የማሰሪያ ኃይል አካባቢ፣ ኦክስጅን በብዛት የያዘው ደግሞ በ168 አካባቢ ይታያል። ኤክስሬዩ ራሱ ንጣፉን ስለሚጎዳ በየልኬቱ አዲስ ቦታ መምረጥና ያልሞቀ ናሙናን በእኩል ጨረር መፈተን ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ሰልፈሩ በቦታው አለ ማለት አሰላለፉ አልፈረሰም ማለት አይደለም፤ ከፊሎቹ ሲተኑ ቆመው የነበሩት ቀሪዎች በገጹ ላይ ሊተኙ ይችላሉ። ይህን የሚያሳየው ገጹን በእጅግ ቀጭን መርፌ እየቃኘ የሞለኪውሎቹን አቀማመጥ የሚያነሣው ስካኒንግ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕ ነው።

በመጨረሻ አዲስ ናሙና በሰከንድ 1 ኬልቪን እኩል ፍጥነት እየሞቀ የሚተነው ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለየው መሣሪያ፣ በማስ ስፔክትሮሜትር ይመዘገባል። ትነቱ በ500 ኬልቪን ጣሪያ ላይ ቢደርስ፣ በገጹ ላይ ያሉት ሞለኪውሎች የንዝረት ድግግሞሽ በሰከንድ 10 ትሪሊዮን ነው ተብሎ የጣሪያውን ሙቀት ወደ ኃይል በሚቀይረው የሬድሄድ ቀመር ሲሰላ፣ የመላቀቂያው ኃይል በሞል 135 ኪሎጁል ያህል ይሆናል። የማሞቂያው ፍጥነት ሲጨምር ጣሪያውም ወደ ላይ ስለሚሸሽ፣ ፍጥነቱ ያልተጠቀሰበት የሙቀት ቁጥር ለንጽጽር አይበቃም። ታዮሎች ሁለት ሁለት ሆነው፣ በዳይሰልፋይድ መልክ ሊተኑም ስለሚችሉ፣ ሙከራው ሳስቶ በተሠራ ንጣፍ መደገም አለበት፤ ጣሪያው ወደ ከፍተኛ ሙቀት ከተዛወረ ግን ከላይ ያለው ስሌት የሚቆምበት፣ እያንዳንዱ ሞለኪውል ለብቻው ይተናል የሚለው ግምት ትክክል ስላልሆነ ኃይሉ በሌላ ዘዴ መሰላት ይኖርበታል።