ለልጆች ትምህርት ቤት ሲባል ሰፈር ከመልቀቅ በፊት፤ ለሀዋሳ ወላጆች

ሀዋሳ ውስጥ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት በብዙ ቤት አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ ልጆቹ ወደሚማሩበት አካባቢ እንጠጋ ወይስ ባለንበት እንቆይ የሚል። ጥያቄው ለሳምንታት ሲንከባለል ይቆይና ውሳኔው የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ደላላው ደውሎ «ቤቱ ዛሬ ካልተያዘ ነገ አይገኝም» ባለበት ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ሁሉ አስቀድሞ ለተወሰነ ነገር ምክንያት መፈለግ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ያ ስልክ ከመደወሉ በፊት አንድ ቤተሰብ ሊያጣራ የሚገባውን ይመለከታል።

መጀመሪያ መለየት ያለበት ችግሩ የት እንዳለ ነው። ቤት መቀየር የሚያስተካክለው ከአድራሻ ጋር የተያያዘን ችግር ብቻ ነው። ይህም አንድም የመንገዱ ርቀትና አደጋ፣ አንድም የመንግሥት ትምህርት ቤት ምዝገባ ነው፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቦታ ሲጠብባቸው በአብዛኛው የሚያስቀድሙት የአካባቢያቸውን ነዋሪ ልጅ ነውና። የግል ትምህርት ቤት ግን ክፍያውን ለሚከፍል ወላጅ የቀበሌ መታወቂያው ከየት እንደወጣ እያየ በሩን አይዘጋም፤ ስለዚህ ልብዎ ያረፈበት የግል ትምህርት ቤት ከሆነ፣ ሰፈር በመቀየር የሚያገኙት የመንገዱን ማጠር ብቻ መሆኑን ይወቁት። ሦስተኛ ክፍል ደርሶ አቀላጥፎ ማንበብ ያቃተው ልጅ፣ ሰሌዳውን አጥርቶ የማያይ ልጅ፣ ከአንድ መምህር ጋር ያልተግባባ ልጅ ካለዎት ግን ችግሩ ከአልጋውና ከቁም ሳጥኑ ጋር አይሱዙ ላይ ተጭኖ አዲሱ ቤት አብሮ ይገባል። ዐይን ማስመርመር ቤት ከመቀየር እጅግ ይረክሳል፤ ከመምህሩ ጋር ተቀምጦ መነጋገርም ምንም አያስወጣም።

ቀጥሎ የልጆቹን ክፍል ከትምህርት እርከኑ ጋር ያስተያዩ። በአዲሱ አደረጃጀት አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 6ኛ፣ መካከለኛ ደረጃ 7ኛና 8ኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ነው። ልጅዎ አሁን 5ኛ ክፍል ከሆነና የሚጠጉት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 6ኛ ላይ የሚያበቃ ከሆነ፣ ያን ሁሉ ወጪና ድካም የሚያወጡት ለአንድ ዓመት ትምህርት ነው ማለት ነው። በዚህ ምክንያት መታየት ያለበት አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን በዚያ ሰፈር ዙሪያ ልጁ ከ6ኛና ከ8ኛ ክፍል በኋላ የት እንደሚገባ ጭምር ነው። ሁለትና ሦስት ልጆች ያሉት ቤተሰብ የእያንዳንዱን ልጅ የመጪዎቹን አምስት ዓመታት ክፍል በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ቢጽፍ፣ አንዳንዴ መልሱ ከዚያው ወረቀት ላይ ይገኛል። 8ኛ ወይም 12ኛ ክፍል የደረሰን ልጅ በፈተናው ዓመት አጋማሽ ማዛወር ግን፣ አስገዳጅ ነገር ካልተፈጠረ በቀር፣ አልመክርም።

ስለ ትምህርት ቤቱ ማጣራት ከሁሉም ጊዜ የሚጠይቀው ሥራ ነው፤ ብዙ ወላጅ የሚዘናጋውም እዚህ ላይ ነው። በጎረቤት ወሬና በግቢው ቀለም መፍረድ ይቀናናል። ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ፤ መስፈርቱን አሟልተዋል የሚባሉት ደረጃ 3 እና 4 ያገኙት ናቸው። ደረጃውን ከርዕሰ መምህሩ ወይም ከክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ነውር የለውም፤ መቼ እንደተሰጠም አብረው ይጠይቁ፤ የቆየ ደረጃ ስለ ዛሬው ትምህርት ቤት ብዙም አይናገርምና። በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንደሚቀመጥም ይወቁ፤ የተለመደው መለኪያ በአንደኛ ደረጃ 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ነው። ከዚህ በብዙ የሚበልጥ ከሆነ መምህሩ ምንም ጎበዝ ቢሆን የእያንዳንዱን ልጅ ደብተር ማየት አይችልም።

ደብተርን ካነሳን ዘንድ፣ ከማስታወቂያ ሁሉ የበለጠ እውነት የሚናገረው እሱ ነው። በዚያ ትምህርት ቤት የሚማር የሚያውቁት ልጅ ካለ ወላጁን አስፈቅደው የሒሳብና የእንግሊዝኛ ደብተሩን ይመልከቱ፤ ልጁ የክፍሉ አንደኛ ባይሆን ይመረጣል፤ የጎበዝ ልጅ ደብተር በየትም ትምህርት ቤት ያምራል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያሉትን ገጾች ሲያገላብጡ የቤት ሥራ በስንት ቀን አንድ ጊዜ እንደተሰጠ፣ እርማቱ «ታይቷል» ብቻ ይሁን ወይስ ስህተቱን የሚያሳይ፣ መምህሩ ሲቀየርም የእጅ ጽሑፉ ስንት ጊዜ እንደተለዋወጠ ይታያል። በዓመት ሦስት መምህር የተፈራረቀበት የሒሳብ ደብተር ገጥሞኝ ያውቃል፤ የትምህርት ቤቱ አጥር ግን በከተማው ካየኋቸው ሁሉ ያማረ ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲመርጡ በበሩ ላይ የሚሰቀለውን ባነር በጥንቃቄ ያንብቡ። ባነሩ ላይ የሚወጣው ከፍተኛ ውጤት ያመጣው ተማሪ ፎቶ ነው፤ መጠየቅ ያለበት ግን ስንት ተማሪ ተፈትኖ ስንቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ አመጣ የሚለው ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ይህን ውጤት ያገኙት ተፈታኞች በአገር አቀፍ ደረጃ በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። እነዚህን ቁጥሮች ይዞ የሄደ ወላጅ «ከ60 ተፈታኝ 15 አለፈ» ሲባል ጥሩ መሆኑን ይረዳል፤ ያለዚያ ግን ከመቶ 25 ብቻ ነው ብሎ ተከፍቶ ይመለሳል።

ሀዋሳ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው ሌላው ነገር የማስተማሪያ ቋንቋ ነው። የሲዳማ ክልል የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ነው፤ በከተማው በታችኞቹ ክፍሎች በሲዳምኛም በአማርኛም ይማራሉ፤ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ እንግሊዝኛ ይሆናል። ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲዛወሩ ልጅዎ በሚገባበት ክፍል ትምህርቱ በየትኛው ቋንቋ እንደሚሰጥ ከቃል በላይ በመጽሐፉ ያረጋግጡ፤ በተለይ በመንግሥትና በግል ትምህርት ቤቶች መካከል ሲሻገሩ ልዩነቱ ሰፊ ሊሆን ይችላል። ልጁ አካባቢ ሳይንስን በአማርኛ ሲማር ቆይቶ በድንገት በእንግሊዝኛ ቢጀምር የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቱ መውረዱ አይቀርም፤ ይህን አስቀድሞ ያላወቀ ወላጅ ትምህርት ቤቱን ይኮንናል።

ስለ ፈረቃም መጠየቅ ያስፈልጋል። እኛ ከቱላ መስመር ወደ መሀል ከተማ የገባነው ትምህርት ቤቱ ከቤታችን በእግር አምስት ደቂቃ ስለነበረ ነው፤ በሁለተኛው ወር ተማሪው በዝቶ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለና የእኛ ልጅ ከሰዓት በኋላ ፈረቃ ደረሰው። ሁለታችንም ሥራ ስለምንውል ጠዋት ጠዋት የሚጠብቀው ሰው ጠፋ። መንገዱ አጥሮልን ሳለ የሰው እጅ አጠረን።

መንገዱን በተመለከተ በካርታ ወይም በእሑድ ጉዞ አይለኩት። የሥራ ቀን ይምረጡና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ከልጁ ጋር ከቤት ወጥተው ልጁ በሚሄድበት መንገድ ይሂዱ፤ ባጃጅ ለማግኘት ስንት ደቂቃ እንደቆሙ፣ ዋናውን አስፋልት የት ላይ እንደተሻገሩ፣ ስንቴ ወርደው እንደተሳፈሩ ይመዝግቡ። ከሰዓት በኋላም ይድገሙት። ሜዳማ በሆነው የከተማው ክፍል ብስክሌት ለትልልቆቹ ልጆች ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ሀዋሳ በዚህ ረገድ ከብዙ ከተሞች ትሻላለች፤ የከባድ መኪና መንገድ መሻገር ካለበት ግን አይታሰብም። ክረምቱ ሲገባ ውሃ የሚተኛባቸውን የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ደግሞ የሰፈሩን ሰው ይጠይቁ። መንገዱ ሲያጥር የሚገኘውን ጊዜ ማስላትም ተገቢ ነው፤ በቀን 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ የሚተርፈው ልጅ በሳምንት አምስት ቀን 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያገኛል። ለትንሽ ልጅ ይህ እንቅልፍ ነው፤ እኔ ከሌላው ጥቅም ሁሉ አስበልጬ የማየውም እሱን ነው።

ገንዘቡን ሲያሰሉ በወር ማወዳደር ያሳስታል። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ አዲሱ ሰፈር ኪራዩ አሁን ከሚከፍሉት በወር 3,000 ብር የሚበልጥ፣ ባሉበት ቢቆዩ ደግሞ የሁለት ልጆች ሰርቪስ በወር 2,800 ብር የሚሆን ቢሆን፣ ልዩነቱ 200 ብር ብቻ ይመስላል። ኪራይ ግን 12 ወር ይከፈላል፣ ሰርቪስ ደግሞ 10 ወር፤ በዓመት 36,000 ከ28,000 ጋር ነው የሚወዳደረው። በዚህ ላይ የደላላ፣ የአይሱዙና የጫኝ አውራጅ፣ የአዲስ ዩኒፎርምና የምዝገባ ወጪ አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2008 ከተመረቀ ወዲህ በከተማው የኪራይ ቤት ፈላጊ መብዛቱን የሚያውቅ ሰው ደግሞ የዘንድሮው ኪራይ በመጪው ዓመት እዚያው ይቆያል ብሎ አይተማመንም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ግን የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ፣ ከመፈረምዎ በፊት በቀበሌዎ ይጠይቁ። አዋጁ በከተማዎ ቢሠራም ባይሠራም ሁለት ዓመት በጽሑፍ የሚዋዋል አከራይ ካገኙ፣ ኪራዩ ትንሽ ቢበልጥም ለተማሪ ቤተሰብ እሱ ይሻላል።

የራሳቸው ቤት ያላቸው ሰዎች ቤታቸውን አከራይተው ትምህርት ቤት አጠገብ መከራየትን ያስባሉ። ሒሳቡ ሊሠራ ይችላል፤ ሆኖም ግቢውን የሚጠብቅ ዘመድ ከሌለ የተከራየ ቤት ምን ሆኖ እንደሚመለስ ማሰብ ነው።

በብር የማይተመነው ነገር ደግሞ እድሩ፣ ልጅ ሲያመው በር የሚንኳኳለት ጎረቤት፣ ከትምህርት ቤት መልስ ምሳ የምታበላው አያት ነው። በተለይ አያት ያለችበትን ሰፈር ለመልቀቅ የሚያስብ ሰው ለሞግዚት የሚያወጣውን ከስሌቱ ውስጥ ያስገባ። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነን ልጅም አስተያየቱን ይጠይቁት፤ ትምህርት ቤቱን የሚጠላበትን ምክንያት ሲናገር ከአድራሻ ጋር የማይገናኝ ነገር ሊወጣ ይችላል።

ከመልቀቅና ከመቆየት መካከል ያለውንም ይፈትሹ። ከጎረቤት ሦስት ወላጆች ጋር ባጃጅ ወይም ሚኒባስ በኮንትራት መያዝ፣ ልጁን ለአንድ ሴሚስተር ከሩቅ እያመላለሱ ትምህርት ቤቱን መሞከር ይቻላል። አክስት ወይም አጎት ዘንድ ማስቀመጥ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ልጅ አንዳንዴ ይበጃል፤ ከዚያ ላነሰ ልጅ ግን ከወላጅ መለየቱ ከመንገዱ የከበደ ዋጋ ያስከፍላል።

ሁሉም ተጣርቶ መሄዱ ካመዘነ ቅደም ተከተሉን አያዛቡ። አስቀድመው በአዲሱ ትምህርት ቤት በልጁ ክፍል ቦታ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከዚያ ከቀድሞው ትምህርት ቤት መሸኛውንና የውጤት ካርዱን ያውጡ፤ ያልተከፈለ ክፍያ ወይም ያልተመለሰ መጽሐፍ ካለ መሸኛው ሊዘገይ ስለሚችል ይህን ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት ይጨርሱ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፎቶግራፍና የቀበሌ መሸኛም ያዘጋጁ። ለቤቱ ቀብድ የሚከፈለው ልጁ የተመዘገበበት ደረሰኝ እጅዎ ከገባ በኋላ ነው፤ ደላላው የቱንም ያህል ቢቸኩል።